አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ፤ በደሴት ተቀምጠው ብዙ አገር ያወቁ መነኩሴ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚሄድ መንገደኛ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በስተ ቀኙ ሰፊ ውሃ ተኝቶ ያያል። ውሃውም ሐይቅ፣ ከተማውም ሐይቅ፣ ገዳሙም ሐይቅ ይባላል፤ የአገሩ ሰው ሌላ ስም ማውጣት አላስፈለገውም። ከጎረቤቱ ከአርድቦ ሐይቅ በአንኰርካ ወንዝ በኩል ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ በገሃድ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዛሬ ከየብስ ጋር በተያያዘው፣ በጥንት ዘመን ግን ዙሪያውን ውሃ ይከበው በነበረው ደሴት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል።

ለዛሬው እሑድ ታሪካቸውን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚህ ደሴት ላይ ከ40 ዓመት በላይ ተቀምጠው ያስተማሩ አበምኔት ናቸው። ስማቸው በቤተ ክርስቲያን ዘንድ የታወቀ፣ በዓላቸውም ኅዳር 26 ቀን የሚከበር ስለ ሆነ ስለ ቅድስናቸው ለመናገር አንደፍርም፤ ያ የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። እኛ የያዝነው አንድ ዓለማዊ ጥያቄ ነው። እኒህ ሰው ስንት ሰው ያውቁ ነበር? የሚያውቋቸውስ ምን ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ጥያቄው ለጨዋታ የቀረበ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የዛጔ መንግሥት ወድቆ የይኩኖ አምላክ ዘር የነገሠበት የ13ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ከዚህ ጥያቄ ጋር በብርቱ የተሳሰረ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የጻፍን መሆናችንን አንባቢ ልብ ይበል።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1214 ገደማ ዳህና በተባለው አገር ተወለዱ። ዳህና ወደ ዋግና ወደ ላስታ የሚቀርብ ምድር ነው፤ ያን ጊዜም የዛጔ ነገሥታት በላስታ ሆነው ኢትዮጵያን ይገዙ ነበር። እንግዲህ ባለታሪካችን የተወለዱት በዘመኑ መንግሥት ጓዳ አጠገብ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ዕድሜያቸው ወደ 30 ሲጠጋ ዘመድና አገር ትተው ወደ ትግራይ፣ ወደ ደብረ ዳሞ ሄዱ። ደብረ ዳሞ ከጻድቁ ከአቡነ አረጋዊ ጀምሮ የታወቀ፣ እስከ ዛሬም በገመድ ተንጠልጥሎ ካልሆነ የማይወጣ አምባ ነው። በዚያ የነበሩት አበምኔት አባ ዮሐኒ ተቀበሏቸው፤ አመነኰሷቸውም። በትውፊት እንደሚነገረው በዳሞ ሰባት ዓመት ያህል ሲኖሩ የጉልበት ሥራም እየሠሩ፣ የቁም ጽሕፈትም እየተማሩ ነበር። ጽሕፈት መማራቸውን እንደ ቀላል ነገር አንየው። በዚያ ዘመን መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰው ከብራና ፋቂው፣ ከቀለም በጥባጩ፣ መጽሐፍ ከሚያውሰውና ከሚያስጽፈው ጋር ሁሉ ይገናኛል። ለመገልበጥ በመጀመሪያ መዋስ ያስፈልጋል፤ ለመዋስም መታመን።

በ1248 ገደማ ከዳሞ ወርደው ወደ ሐይቅ መጡ። ትውፊቱ መንገዱን የመራቸው መልአኩ ገብርኤል ነው ይላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ የተመሠረተውም በ9ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ድልነዓድ ዘመን ነው እየተባለ ይነገራል። ሆኖም ቦታውን የምንኩስናና የትምህርት ማዕከል ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። የመነኮሳት ማኅበር አቆሙ፤ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ መጻሕፍት አስጻፉ፤ አሰባሰቡም። ወደ ገዳሙ ሴት እንዳትገባ የሚከለክለው ሥርዓት ጸንቶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ስለዚህ የእርሳቸውን ትውውቅ በምንም ዓይነት መለኪያ ብንለካው ከአገሩ ሕዝብ እኩሌታው ከደጅ የቀረ መሆኑን ከወዲሁ መናገር ይገባናል።

ከዚህ በኋላ እስከ ዕረፍታቸው ድረስ አበምኔት ሆነው ኖሩ። ይህም 44 ዓመት ያህል ነው። ትውፊቱ በእጃቸው የተማሩትና የመነኰሱት 800 ናቸው ይላል።

ስምንት መቶ ሰው ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ሮቢን ደንባር የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1990ዎቹ ዓመታት ባሰፈነው ግምት አንድ ሰው በእውነት ሊያውቀውና ወዳጅነቱን ሊጠብቀው የሚችለው ሰው ቍጥር 150 ያህል ነው። ይህን ግምት የሚነቅፉ ሌሎች ሊቃውንት አልጠፉም፤ ቢሆንም በዓለም ላይ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል። የሐይቁን ቍጥር በዚህ ሚዛን ብናስቀምጠው መጀመሪያ ተረት ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን 800ውን ለ44 ዓመት ብናካፍለው በዓመት 18 ተማሪ ይደርሳል። ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ዝነኛ የሆኑት አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ የቈዩት ዘጠኝ ዓመት ያህል ነው ይባላል። ሌላውም ተማሪ ሁሉ ይህን ያህል ቢቈይ በአንድ ጊዜ በደሴቱ ላይ የሚገኘው ሰው ወደ 160 ይጠጋል። ሒሳቡ የእኛ ነው፤ ለማስረጃም አናቀርበውም። ግን አንድ አባት የእያንዳንዱን ስም፣ አገርና ጠባይ ለይቶ ሊያውቀው የሚችለው ማኅበር ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ያሳየናልና ትውፊቱን ቶሎ ለመናቅ አያስችለንም።

ይሁን እንጂ ብዛት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ለዚህ ከዘመናችን አንድ ጥሩ ምሳሌ አለ። በ1997 በአሜሪካ አገር ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ 276 ጤነኛ ሰዎችን በፈቃዳቸው ሰብስበው የጉንፋን ተዋሲ በአፍንጫቸው ጨመሩባቸው። አስቀድመው ግን እያንዳንዱ ሰው ከ12 ዓይነት ግንኙነቶች በስንቱ እንደሚገኝ ጠይቀው ነበር፤ ይኸውም የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ አማት፣ ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የሃይማኖት ማኅበር እያሉ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓይነት ግንኙነት ብቻ የነበራቸው ሰዎች ስድስትና ከዚያ በላይ ካላቸው ይልቅ በጉንፋን የመታመም ዕድላቸው አራት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የለየው የወዳጅ ቍጥር ሳይሆን የወዳጅ ዓይነት ነበር።

እንግዲህ ይህን የ12 ዓይነት መጠይቅ ይዘን ወደ ደሴቱ ብንሻገርና አባ ኢየሱስ ሞዓን ብንጠይቃቸው ውጤቱ እጅግ የሚያሳዝን ይሆናል። ሚስት የለም፤ ልጅ የለም፤ አማት የለም፤ ወላጅና ዘመድ በዳህና ቀርቷል። የመነኩሴ ሥራው እነዚህን መተው ነውና በዚህ መለኪያ ባለታሪካችን በአገሩ ውስጥ ካሉት ብቸኞች አንዱ ሆነው ይቈጠራሉ። መለኪያው ለአባወራና ለእመቤት እንጂ ለመነኩሴ አልተሰፋም።

ሌላ መለኪያ ግን አለ። ናን ሊን የተባለው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ከባልደረባው ጋር በ1986 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ወዳጆችህ ስንት ናቸው ብሎ አይጠይቅም። የሥራና የማዕረግ ዝርዝር ያቀርብና ዳኛ ታውቃለህን፣ አስተማሪ ታውቃለህን፣ አናጢ ታውቃለህን እያለ ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ሰውየው የሚያውቀው ከፍተኛው ማን ነው? ዝቅተኛውስ? በመካከልስ ስንት ደረጃ ይነካል? ይህ ጥያቄ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ማን ማን እንደ ተቀመጠ ዐይኑን ጣል አድርጎ የሟቹን ኑሮ ይመዝን የለምን? አባ ኢየሱስ ሞዓን በዚህ መለኪያ ብንጠይቃቸው መልሳቸው ሌላ ነው።

ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት እንጀምር። እኒህ አባት የሸዋ ሰው ናቸው፤ የተወለዱትም በ1215 ገደማ ስለ ሆነ ከመምህራቸው ጋር እኩያ ነበሩ ማለት ይቻላል። ወደ ሐይቅ ሲመጡ ልጅ አልነበሩም፤ ቅስና የተቀበሉ፣ በአገራቸውም የሰበኩ ሰው ነበሩ። አስቀድመው በአማራ አገር በአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ሸዋ በዚያ ዘመን ክርስቲያኑም እስላሙም አረመኔውም የሚኖሩበት፣ ከሰሜኑ መንበር የራቀ ምድር ነው። የሐይቁ አበምኔት ይህን አንድ ሰው ሲያውቁ ከዚያ ቀደም በእግራቸው ያልረገጡትን አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ አወቁ ማለት ነው።

በ1973 ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ባወጣው ዝነኛ ጽሑፍ ለሰው አዲስ ወሬና አዲስ መንገድ የሚያመጣለት የቅርብ ወዳጁ ሳይሆን የሩቅ ትውውቁ ነው ሲል አስረድቷል። የቅርብ ወዳጅ እኛ የምናውቀውን ያውቃልና። ተክለ ሃይማኖት ለሐይቅ የሩቅ ትውውቅ ሆነው መጡ፤ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጠውም የቅርብ ሆኑ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከሐይቅ ተነሥተው ወደ ደብረ ዳሞ፣ ማለት ወደ መምህራቸው መምህር ወደ አባ ዮሐኒ ሄዱ። ስለዚህ ሸዋ፣ ሐይቅና ዳሞ በሦስት ሰዎች አማካይነት እርስ በርስ ተያያዙ። ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ ተመልሰው በ1284 ገደማ ደብረ አስቦን መሠረቱ፤ ይህም በ1445 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ ሊባኖስ የተባለው ነው።

በሌላው አቅጣጫ ደግሞ አባ ሂሩተ አምላክ የተባሉት ደቀ መዝሙር ወደ ጣና ሄደው ከሐይቁ ደሴቶች በአንደኛው ዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ ይባላል። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ይመልከቱ። ደሴቱ ሌላ፣ ውሃው ሌላ፣ ስሙ ግን የሐይቁ እስጢፋኖስ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ትስስር የሚጽፉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። እርሱም የምንኩስና ሐረግ ነው። አረጋዊ ክርስቶስ ቤዛነን፣ ክርስቶስ ቤዛነ መስቀል ሞዓን፣ መስቀል ሞዓ ዮሐኒን፣ ዮሐኒ ኢየሱስ ሞዓን፣ ኢየሱስ ሞዓ ተክለ ሃይማኖትን ወለደ እየተባለ ይቈጠራል። ሥጋዊ ዘር የተወ ሰው በቆብ ይወልዳል። ግን ሐረግ ሽቅብና ቍልቍል እንጂ ወደ ጎን አይሄድም፤ ማን ከማን ይበልጣል የሚለው ጠብም ከዚሁ ይነሣል። አንዱ ትውፊት ተክለ ሃይማኖት ቆብና አስኬማውን በዳሞ ከዮሐኒ ተቀብለው ሲመለሱ ለራሳቸው መምህር ለኢየሱስ ሞዓ ሰጧቸው ይላል። እንደዚህ ከሆነ ልጅ አባቱን ወለደ ማለት ነው! የሐይቅ ወገን ይህን በቀላሉ እንደማይውጠው የታወቀ ነው። ክርክሩ የክብር ብቻ አልነበረም፤ ከበስተ ኋላው ርስትና ሹመት ነበረበት።

ርስትና ሹመት ካልን ወደ ንጉሡ እንምጣ። ይኩኖ አምላክ የዛጔን መንግሥት አሸንፈው በ1270 ነገሡ፤ እስከ 1285ም ገዙ። የሐይቅ ትውፊት በልጅነታቸው በደሴቱ ላይ በአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ ተምረዋል፤ አበምኔቱም በጸሎትና በምክር ረድተዋቸዋል፤ እርሳቸውም ሲነግሡ ለገዳሙ ቃል ኪዳን ገብተዋል ይላል። የደብረ ሊባኖስ ትውፊት በበኩሉ ያንኑ ውለታ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ይሰጣል። የታሪክ ጸሐፊዎች ሁለቱንም በጥንቃቄ ያነቧቸዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተጻፉት ነገሩ ካለፈ ከረጅም ዘመን በኋላ ነው። የኢየሱስ ሞዓ ገድል ራሱ የተዘጋጀው በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ለእኛ ግን የሚደንቀን ሌላ ነገር ነው። ቀደም ብለን አንባቢ እንዲይዝልን የጠየቅነውን እናስታውስ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በትውልዳቸው ወደ ላስታ የሚቀርቡ፣ በምንኩስናቸው የትግራይ ልጅ፣ በመኖሪያቸው የአማራ ምድር ሰው ነበሩ። ከሦስት ወገን የተገመደ ሰው ለሦስቱም እንግዳ፣ ለሦስቱም ቤተኛ ነው። አዲስ ንጉሥ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ዐፄ ይኩኖ አምላክ ወዳጅ የሚያስፈልጋቸው ለከንቱ አልነበረም። ጳጳስ ከእስክንድርያ እንዲላክላቸው በ1270ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግብጹ ሱልጣን ወደ ባይባርስ ደብዳቤ ልከው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። ከባሕር ማዶ የሚጠብቁት እጅ ሲታጠፍባቸው በአገር ውስጥ የመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ዋጋ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ይህ የእኛ ግምት ነው። የሐይቁ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት የተባለውን ማዕረግ ከይኩኖ አምላክ እንደ ተቀበሉ ትውፊቱ ይናገራል። በኋለኛው ዘመን ማዕረጉ እጅግ ታላቅ ሆነ፤ በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ኢየሱስ ከንጉሡ እልፍኝ የማይለዩ ባለሥልጣን ነበሩ።

ከሐይቅ ሳንርቅ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። በዚሁ በአምባሰል ምድር ግሸን የተባለ አምባ አለ። ዛሬ ምእመናን መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም በዓል የሚጎርፉበት ነው። ከይኩኖ አምላክ በኋላ በነገሡት ዘመን ግን የነገሥታቱ ወንድሞችና የአጎት ልጆች በዚህ አምባ ላይ ተግዘው ይኖሩ ነበር። ሰዎቹ ይመገባሉ፤ ይለብሳሉ፤ ይማራሉም፤ የተከለከሉት ከውጭ ሰው ጋር መተዋወቅን ነው። ባለሥልጣኖቹ አንድ ሰው የሚያውቀው ሰው ዓይነት ምን ያህል ኃይል እንደ ሆነ ያለ ኮኸንና ያለ ሊን መጠይቅ በደንብ ተረድተውት ነበር። በአንድ አካባቢ ሁለት ከፍ ያሉ የብሕትውና ቦታዎች፤ በአንደኛው ሰው በፈቃዱ ተለይቶ አገር ሁሉ ይመጣበታል፤ በሁለተኛው ሰው በግድ ተለይቶ ማንም አይመጣበትም።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1292 ገደማ፣ ወደ 80 በሚጠጋ ዕድሜያቸው ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላም ሐይቅ ሰው መሳቡን አላቆመም። መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በልጅነታቸው የተማሩት በዚሁ ነው፤ መጀመሪያ ትምህርት እምቢ ብሏቸው እንደ ነበረም ይነገራል። ብዙ ገዳማት የሐይቅን ትምህርት በልጅና በልጅ ልጅ ተቀባበሉት።

ማዕረጉ ግን እንዲሁ አልቈየም። በ1531 የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቅ ደረሰ፤ የገዳሙንም ሀብት ወሰደ። ከዚያ ጦርነት በኋላ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ክብር እየደበዘዘ፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ክብር እየጎላ ሄደ። ተማሪው ከመምህሩ ይልቅ በሕዝብ አፍ የሚጠራበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለናል። ዛሬ ተክለ ሃይማኖትን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፤ ኢየሱስ ሞዓን ግን ከወሎ ወጣ ብሎ ቢጠይቁ መልሱ ቶሎ አይገኝም። የሚያውቋቸውን ቈጥረን ስንጨርስ እርሳቸውን የሚያውቅ ሰው ማነሱ የታሪክ ቀልድ ነው።

ከእርሳቸው እጅ የቀረ አንድ ነገር አለ። በ1280 ወይም በ1281 አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት የብራና አራቱ ወንጌል ነው። በውስጡ የራሳቸው ሥዕል ይገኛል። በ1970ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮ ፊልም ለማንሣት በተቋቋመው ድርጅት አማካይነት ፎቶግራፍ ተነሥቶ በ1832 ቍጥር ተመዝግቧል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት አበምኔቶችና ነገሥታት የገዳሙን ንብረትና ስጦታ፣ የርስቱን ወሰን፣ የሹመቱን ነገር የሚመለከት ማስታወሻ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ እያስጻፉ ሄዱ፤ ስለዚህም መጽሐፉ የወንጌል መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የገዳሙ መዝገብ ሆነ። ስለ ሐይቅ አበምኔቶች ዘመንና ተራ የጻፉ የታሪክ ሊቃውንት ሁሉ ብዙውን የቀዱት ከነዚያ ገጾች ነው። በአንደኛው ቅጠል መነኩሴው ቆመው ይታያሉ፤ በሌሎቹ ቅጠሎች ደግሞ እርሳቸው ሊያውቋቸው የማይችሉ፣ ከሞታቸው በኋላ የተወለዱ ሰዎች ስማቸውን ከእርሳቸው ጋር በአንድ ጥራዝ አስገብተዋል።